የመሬቷ ድርሻ

ባለፈው ግንቦት ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ስጓዝ ሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶበት ከአንድ ማሳ ዳር ቆምን። ከማሳው የሚነሳው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ገና የታጨደ ለምለም ተክል ከእርጥብ አፈር ጋር ሲታረስ የሚወጣ፣ ግማሹ የጣፈጠ፣ ግማሹ የብስባሽ የሆነ ሽታ። እትዬ አስካለ፣ የልጅነቴ ጎረቤት፣ ለዚህ ሽታ ሲሉ ከሰው ጋር ያልተጨቃጨቁበት ዓመት አልነበረም።

እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ በመሬት ድልድሉ አንድ የገብስ ማሳ በስማቸው የደረሳቸው ሴት ነበሩ። ቡናማ የበግ ጠጉር ባና ደርበው፣ ዝናብ ሲመጣ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አናታቸው ላይ ደፍተው ሲመጡ፣ ድምፃቸው ከድንጋይ አጥሩ ማዶ ቀድሟቸው ይደርስ ነበር። ማሳው ግን ደክሞ ነበር። ገብሱ ጉልበት ሳይደርስ ይገረጣል፤ ዛላው ፍሬ ስለማይከብደው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ያያል። ያ ማሳ እንቢ ካለ ቤታቸውን ዘግተው ከዘመድ ደጅ ከመጠጋት በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። በእኛ አገር ደግሞ ሴት እርፍ አትጨብጥም። ስለዚህ ማሳውን የሚያርሰው ጋሽ ደምሴ ነበር፤ መሬቱ የእሳቸው፣ በሬው የእሱ፣ ምርቱ እኩል።

አንድ ዓመት የልማት ጣቢያው ሠራተኛ ሐረጉ የምስር የሚመስል፣ ቬች የሚባል የመኖ ተክል ከነዘሩ ይዞ መጣ። ከሥሩ ላይ ትናንሽ እንክብሎችን በጥፍሩ እየፈለቀቀ፣ ተክሉ ናይትሮጅን የተባለውን የአፈር ምግብ ከአየር እንደሚስብ፣ በበልግ ተዘርቶ አበባ ሲይዝ ታጭዶ ከአፈሩ ጋር ቢታረስ የክረምቱን ገብስ እንደሚመግብ አስረዳ። ሌላው ሰው የሰማው «መኖ» የምትለዋን ብቻ ነው። የቀረውን የሰሙት እትዬ አስካለ ነበሩ።

ግንቦት በሬ የሚከሳበት ወር ነው። ቬቹ አብቦ ማሳው ሐምራዊ ሲሆን ጋሽ ደምሴ ማጭዱን ይዞ ቆመ።

«እትዬ፣ የበሬዬ ጎድን ወጥቶ እያዩ ይህን የመሰለ ለምለም ቅበር ይሉኛል? ግፍ አይሆንብኝም?»

«ሬሳ ነው እንዴ የምትቀብረው! ምድሪቱን አብላት ነው የምልህ።»

«ምድር ደግሞ አፍ አላት?»

«ዘሬን ስትውጥ ዓመት ዓመት ታየው የለም? አሁን ሲሆን አፏ የት ገባ?»

ሳቀ፤ አጭዶም ሸክሙን ለበሬዎቹ ወሰደ። በኋላ ከመጻሕፍት እንደተረዳሁት፣ ተክሉ ከሰበሰበው ናይትሮጅን የሚበዛው በግንዱና በቅጠሉ ውስጥ ነው፤ ያ ተሸክሞ ከሄደ ሥሩ ለአፈሩ የሚተወው ጥቂት ነው። ጋሽ ደምሴ ግን በመስከረም የገረጣውን ገብስ እያሳየ «ይኸው፣ ቬቹ ምን ፈየደ?» አለ። ራሱ ወስዶት! ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል።

በተከታዩ በልግ እትዬ አስካለ ማሳውን በገመድ ለሁለት ከፈሉ፤ አንዱን ወገን ለበሬው፣ አንዱን ለመሬቱ። ጋሽ ደምሴ እያጉረመረመ የታጨደውን በትኖ ደጋግሞ አረሰበት። ክረምቱ ሲወጣ ገመዱ አልፎበት የነበረው መስመር ከሩቅ ይታይ ነበር፤ በወዲህ ጥቁር አረንጓዴ ገብስ ዛላው ከብዶት ጎንበስ ብሏል፣ በወዲያ ያው የለመድነው ቢጫ ቆሟል። ጋሽ ደምሴስ? ሁሉንም በአንድ አውድማ ወቃና ግማሹን ጠየቀ።

«ውላችን እኩል ነው፤ ከየትኛው ወገን መጣ ተብሎ ያውቃል?» አለ። ለምን እንዳማረ ሲጠየቅም «ያ ወገን ድሮም ለም ነው» ብሎ አረፈው። ያን ወገን ስንት ዘመን ሲያርስ የኖረው እሱ አይደለም?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሽማግሌ ፊት ቆሙ።

«አባቶቼ፣» አሉ እትዬ አስካለ፣ «ከወዲያ ለምለሙን በበሬው በላ፣ ከወዲህ ገብሱን በአፉ በላ። መሬቷ ከማን ድርሻ ትብላ?»

አንዱ ሽማግሌ በሳቅ «እንግዲያማ እሷም ሦስተኛ ተካፋይ ትሁና!» አሉ። ጉባኤው ፈነዳ።

እትዬ አስካለ አልሳቁም። «ተናግረዋል አባቴ፤ ሰውም ሰምቷል። በዚሁ ይጽናልኝ።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። በሽማግሌ አደባባይ የተነገረ ቃል፣ በቀልድም ቢሆን፣ ተመልሶ አይዋጥም። ሽማግሌው ፈረዱ፤ የዘንድሮው እህል እንደ ውሉ እኩል ይከፈል፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ግን በገብሱ ማሳ ላይ የበቀለው ለምለም የመሬቷ ነው፣ ለበሬ አይታጨድም። ጋሽ ደምሴ እየተነጫነጨም ቢሆን ፈጸመ። እትዬ አስካለም የዘመድ ደጅ ሳይጠኑ፣ በገዛ ቤታቸው የገዛ ገብሳቸውን እየበሉ አርጅተው አረፉ።

አምና በአጥቢያችን ሁለት ወጣቶች የእኩል ውል ሲዋዋሉ አጠገባቸው ነበርኩ። ለመሬቷም ድርሻ ሲያወጡ ሰምቼ ልማዱ ከማን እንደመጣ ጠየቅሁ። ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬ እሱም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ከአባቶች የወረስነው ነው» አለኝ። ከአባቶች! ወጣቶቹ ግን ስማቸውን እንኳ ሰምተው የማያውቋቸው ሴት የተዉላቸውን ቃል ተራ በተራ አሉ፤ «ለባለመሬቱ፣ ለባለበሬው፣ ለመሬቷ።» ከዚያም እጅ ለእጅ ተመታትተው ወደ ማሳው ወረዱ።