ጸደንያ የማታውቃቸው ተማሪዎች

ኢምፔሪያል ሆቴልን አለፍ ብሎ ካለው ፎቅ ላይ የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ስልክ ያነሳሉ። መኪናው የተገጨበትም፣ ሱቁ የተቃጠለበትም የሚደውለው እነሱ ዘንድ ነው። ሃረገወይን ለአዲስ ገቢዎች ይህን ሥራ የምታስለምድ፣ ረጋ ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት።

የሥራ ጓደኛዋ ጸደንያ በሳንባ ሕመም ከሞተች በኋላ፣ የክፍሉ ኃላፊ እዝራ አንድ ሐሳብ አመጣ። የተቆጣ ሰው በማብረድ ጸደንያን የሚያህል አልነበረም፤ የተቀዱ ጥሪዎቿም አሉ። ታዲያ ለምን አዲሶቹ ከእሷ አይማሩም? ሃረገወይን ደስ አላት። ለጓደኛዋ መታሰቢያ መስሎ ታያት። ልጆቹ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ጸደንያን ሲሰሙ ይውሉ ጀመር። ሥልጠናው ሠመረ፣ የደንበኛ ቅሬታ ቀነሰ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሳይቀር እየመጡ አዲሱን ዘዴ አደነቁ።

አንድ ረፋድ ላይ ሃረገወይን ሻይዋን ይዛ በወንበሮቹ መሀል ስታልፍ፣ ጸደንያ ከጀርባዋ «አይዞዎት፣ አሁን ብቻዎን አይደሉም» ስትል ሰማች።

ባለችበት ደርቃ ቀረች። ዞር ስትል ሀጀር ናት፤ ጸደንያ ከተቀበረች በኋላ የተቀጠረች፣ በዓይኗ እንኳ አይታት የማታውቅ ልጅ። ተማሪ አስተማሪውን ቢመስል ምን ይገርማል ብላ ልቧን ልታረጋጋ ሞከረች። ወዲያው ግን ሀጀር ፊቷን ከስልኩ መለስ አድርጋ ደረቅ ሳል ሳለች።

«አሞሻል እንዴ?» አለቻት ሃረገወይን፣ ልጅቷ ስልኩን ስትዘጋ።

«ኧረ ደህና ነኝ። ምነው?»

መሳሏን አላወቀችም። ሃረገወይን እዚያው ቆማ ስትጠብቅ፣ ፊሊሞን የሚባለው ሌላው አዲስ ልጅም ያንኑ ቃል ተናገረ፣ ፊቱን መለሰ፣ ሳለ።

ወደ ሥልጠናው ክፍል ገብታ ማዳመጫውን አደረገች። እስከዚያ ቀን ጥሪዎቹን ስትሰማ ልብ የምትለው ቃሉን ብቻ ነበር። አሁን ከቃሉ በኋላ ያለውን ሰማች። በፊተኞቹ ጥሪዎች ላይ ምንም የለም። ቆየት ብሎ ትንሽ ሳል መጣ። በመጨረሻዎቹ ላይ ጸደንያ ደዋዩ ጆሮ ላይ ላለመሳል ትንፋሿን አፍና ስትታገል ይሰማል። ያን ሰሞን ሃረገወይን ከጎኗ ተቀምጣ ነበር የምትሠራው።

እዝራን ጠርታ «ልጆቹ ሕመሟንም ተምረዋል» አለችው።

ሊስቅ ሲል ማዳመጫውን ሰጠችው። ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«አሞኛል ብላ አታውቅም እኮ» አለ።

«እዚህ ቤት ማን ብሎ ያውቃል? ስልኩ እየጮኸ ማን ይነሳል?»

በማግስቱ ቅጂዎቹ ከሥልጠና ወጡ። አዲሶቹ ከነባሮቹ ጎን እየተቀመጡ፣ ያስቸገራቸውን ጥሪ በየራሳቸው አነጋገር እየተወያዩበት መማር ጀመሩ። በረንዳው በኩል ያለው ክፍል ማረፊያ ሆነ፤ ከባድ ጥሪ የጨረሰ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ተነስቶ ይገባል። መጀመሪያ ሁሉም ፈራ። እዝራ ራሱ ገብቶ ሲቀመጥ ካዩ በኋላ ነው የለመዱት። ሳሉም ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ፊሊሞንን ግን ቶሎ አልለቀቀውም።

የተቀዳው ድምፅ ለቤተሰቧ ይሰጥ ተባለና የጸደንያ እናት ወይዘሮ እልፍነሽ ከሰዓሊተ ምሕረት ሰፈር መጡ። ሃረገወይን ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፣ ማዳመጫውንም በነጠላቸው ላይ በቀስታ አደረገችላቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ሰሙ።

«ልጄ፣ ይህቺ ማን ናት?» አሉ በመጨረሻ።

«ጸደንያ ናት፣ እማማ።»

«የኔ ልጅ እንዲህ አታወራም። የኔ ልጅ ችኩል ናት፤ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማታል። ይህችን ሴትዮ አላውቃትም።»

አላለቀሱም። የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው ማዳመጫውን አውልቀው በሁለት እጃቸው አቀበሏት። ቅጂውንም ሳይወስዱ ሄዱ።

ሃረገወይን ታክሲ ድረስ ሸኘቻቸው። ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆማ የጸደንያን ሳቅ ለማስታወስ ሞከረች። ዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ግን ምንም ሳቅ አልመጣላትም፤ የመጣላት ያ የተረጋጋ፣ የሚያባብል ድምፅ ብቻ ነው። ያ ድምፅ የማን እንደነበር አሁን እርግጠኛ አይደለችም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሀጀርን ይዛት ወጣች። ምግቡ እስኪመጣ፣ ቤታቸው ውስጥ ከማን ጋር እንደምትጣላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ግራ ተጋባች፤ ከዚያ ግን ስለ ታናሽ ወንድሟ እየተናደደችም እየሳቀችም፣ ቃሉ እየተደራረበባት ታወራ ጀመር። ሃረገወይን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማቻት። ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምታው አታውቅም።