የአቶ ይስማው እግርና የቧንቧው ቅብ

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ብርቄ አውራ ጣቴን ከሕመምተኛው እግር ላይ አነሳችና «በእሱ ስትለኪ የራስሽን ልብ ነው የምትቆጥሪ» አለችኝ። ሌባ ጣቴንና የመሐል ጣቴን የእግሩ ጀርባ ላይ አስቀመጠቻቸው። ትርታውን እስካገኝ ላብ አጠመቀኝ። እሷ ግን ቆማ ጠበቀችኝ። እንጅባራ አጠገብ ባለች ጤና ጣቢያ ነርስነትን የጀመርኩት እንዲህ ነው።

አቶ ይስማው የመጡት ከዓመታት በኋላ፣ እኔም ትርታ ፍለጋ ላብ ማላቤን ከተውኩ በኋላ ነው። ከቆሰበር በላይ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው። የጭናቸው ደም ሥር ተዘግቶ አዲስ አበባ ላይ በሰው ሠራሽ ቧንቧ ተተክቶላቸዋል። የያዙት ደብዳቤ፣ ቧንቧው ሕዋስ እንዲይዝበት ውስጡ ቅብ የተቀባ መሆኑን ይገልጻል። የእግራቸው ትርታ በየሳምንቱ እንዲታይ፣ አስፒሪንም በየቀኑ ምግብ ከበሉ በኋላ እንዲውጡ ያዝዛል።

ቅቡን ለማስረዳት ብዙ ተጨንቄያለሁ። በመጨረሻ «አባባ፣ ልሙጥ ግድግዳ ላይ ጭቃ ይይዛል?» አልኳቸው።

«ይረግፋል እንጂ ምን ይይዛል።»

«ቧንቧውም ልሙጥ ነው። ቅቡ በጭድ እንደተቦካው የመጀመሪያ ምርጊት ነው። የሰውነትዎ ሕዋስ እዚያ ላይ እየያዘ ቀስ በቀስ ውስጡን ያለብሰዋል። እስኪለብስ ግን ደም ሊረጋበትና ሊዘጋው ይችላል። ክኒኑ የሚጠብቅዎ ከዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንድ ይዋጡ።»

«ምርጊቱ ሳይደርቅ ዝናብ እንዳይመታው በይኛ።»

እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ራሴን አደነቅሁ። ሐኪሙ እንኳ እንዲህ አያስረዳቸውም ብዬ ለሲስተር ብርቄ ጉራዬን ነዛሁ።

በየሳምንቱ መጡ። ትርታው ደህና ነበር። «ክኒኑን እየወሰዱ ነው?» እላለሁ፤ «ልክ እንደነገርሽኝ» ይሉኛል። ካርዱ ላይ «በትእዛዙ መሠረት እየወሰዱ ነው» ብዬ እጽፋለሁ።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ልጃቸው እናትዓለም በባጃጅ አመጣቻቸው። እግራቸው ነጥቷል፣ ቀዝቅዟል። ጣቶቼን የእግራቸው ጀርባ ላይ አሳረፍኩ፤ የለም። ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ሞከርኩ፤ እዚያም የለም።

«መቼ ጀመረዎ?»

«ሊነጋ ሲል።» ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ክኒኑን አቋርጠዋል?»

«ምን በወጣኝ፤ እንዳልሽው ነው የማደርግ። ከቁርስ በኋላ አልሽኝ። አሁን ጾም ነው፣ ቁርስ የለኝም። ከፋሲካ በኋላ እቀጥላለሁ።»

እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ሰው ነኝ። ያን ጠዋት ራሱ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም።

ባሕር ዳር ላለው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ደወልኩ፤ መልሱ አጭር ነበር። «አስፒሪኑን አሁን ያኝኩት፤ በአምቡላንስ ይዘሻቸው ነይ። ከጀመረው ስድስት ሰዓት ካለፈ እግሩን ላናተርፈው እንችላለን።»

ክኒኑን ስዘረጋላቸው ፊታቸውን አዞሩ። «ዘጠኝ ሳይሞላ አፌ አይገባም።»

ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ መልሼ ለመንኳቸው። እናትዓለም ለንስሐ አባታቸው ደወለች። ኔትወርኩ ተቆረጠ። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ተቆረጠ። በሦስተኛው ተነሣላት፤ ነገሩን ነግራቸው ስልኩን ከአባቷ ጆሮ ላይ አደረገች። የቄሱ ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል፦ «ይስማው፣ ዋጠው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።» ያን ጊዜ አኝከው ዋጡት።

አምቡላንሱ ውስጥ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ዳንግላ ስንደርስ «ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱልኝ» አልኳቸው፤ ትንሽ ተነቃነቁ። ከዳንግላ ወዲያ ስጠይቃቸው «አንቀሳቅሻለሁ» አሉኝ። ጣቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ለእናትዓለም ምንም አልነገርኳትም። ሹፌሩን ብቻ «ቶሎ በል፣ ወንድሜ» አልኩት።

ባሕር ዳር ስንደርስ ስድስቱ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሐኪሙ ቧንቧውን ከፍቶ የረጋውን ደም አወጣ። እግሩ ተረፈ። ሁለት ጣት ግን ሞቶ ስለነበር ከቀናት በኋላ ተቆረጠ።

ስመለስ ለሲስተር ብርቄ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። «ከቁርስ በኋላ ውሰዱ ያልሽው ስንት ሰው ነው?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ካርዶቹን ሁሉ አውጥተን እያንዳንዱን ሕመምተኛ በስልክና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል አስፈለግን። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው። ሌሎች ሁለት ጿሚዎችም ክኒናቸውን እንደ አቶ ይስማው ትተውት አገኘን።

አቶ ይስማው ለፋሻ ለውጥ ሲመጡ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«አንቺም ትጾሚያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እስከ ስንት?»

«እስከ ዘጠኝ።»

ፋሻውን ጠቅልዬ ጨረስኩ። ከዚያ «ታዲያ ቁርስ ያልሽኝ የማንን ነው?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ሊያውቁ ፈልገው ነው።

ለአዳዲስ ነርሶች የምለው ይህን ነው፦ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ሰውየው ነገ ስንት ሰዓት እንደሚበላ ጠይቁት፤ የክኒኑንም ሰዓት ከእሱ ጋር ወስኑ።