ማንም በእጁ ያልያዘው የሚስስ ፋን ሰዓት

ሥራውን የጀመርኩት በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ያሉኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ያደግኩ ስለሆንኩ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ጠየቅኳቸው፤ «ጋሼ፣ በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»

«ሰዓቱ የሐበሻ፣ ሩጫው የፈረንጅ» አሉኝ። «ጃኬት ያዢ። ግንቦት ነው ብለሽ እንዳትሞኚ።»

ጋሼ ታደሰ አዲስ አበባ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። እዚህ የተማሪዎች አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን በአትሌቲክስ ውድድር ላይ ሽጉጥ እየተኮሱ ሩጫ ያስጀምራሉ። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ እማር ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ብዙ የማያናግር ሥራ ነበር የምፈልገው።

«አለልሽ» አሉኝ ጋሼ። «ከካሜራ ጋር ነው የምትውዪው። እሱም እንዳንቺ ነው፣ አይናገርም።»

ካሜራው የክለቡ ነው። ክለቡን የሚመራው፣ ውድድሩን የሚያዘጋጀው፣ የእኔንም ደመወዝ የሚፈርመው ግሬግ የሚባል ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን እጄን ጨብጦ ድንኳኑን አሳየኝና «ማሽኑን አትነካኪው፣ ሥራውን ያውቃል» ብሎኝ ሄደ። የቀረውን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው።

ካሜራው ከፍ ባለ ማቆሚያ ላይ ሆኖ የሚያየው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው። ሯጮቹ መስመሯን ሲያልፉ ያየውን ቀጭን ቀጭን ምስል ጎን ለጎን ይደረድረዋል። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ሰው ይለጠጣል፣ እግር ይንጋደዳል። የእኔ ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር እየገፋሁ ከእያንዳንዱ ሯጭ ደረት ጠርዝ ላይ ማሳረፍ ነው። ጭንቅላት አይቆጠርም፤ እጅና እግርም አይቆጠሩም። ደረት ነው የሚቆጠረው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዜሮ ተኩስ የምንለው አለ። በየጠዋቱ ውድድሩ ሳይጀመር ጋሼ ሽጉጣቸውን ይዘው ወደ መጨረሻዋ መስመር ይመጡና ካሜራው ፊት ይተኩሳሉ። ማሽኑ መቁጠር የሚጀምረው ተኩሱን ሲሰማ ነው። የሽጉጡ ብልጭታ ሥዕሉ ላይ ልክ ዜሮው ላይ ከታየ ማሽኑ ደህና ነው። ካልታየ በዚያ ቀን የሚለካው ሁሉ ውሸት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው በሱ ነውና። ማሽን ከሌለ ሰዎች ስቶፕዎች የሚባለውን፣ በጣት ተጭነው የሚያስነሱትንና የሚያቆሙትን ሰዓት ይዘው ቆመው ይለካሉ። ያ ሰዓት በውጤቱ ላይ «በእጅ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። የሰው ጣት ስለማይታመን በእጅ የተያዘ የመቶም ሆነ የሁለት መቶ ሜትር ሰዓት ሬከርድ ሆኖ አይመዘገብም።

የሩጫ ሥራ ያዝኩ ስል የሐበሻው ሁሉ ፊት ይበራ ነበር። መቶ ሜትር ነው ስል ይጠፋል። ካስልሪጅ ሰፈር የእናቴ ጎረቤት የሆኑት እትዬ አልማዝ «ኧረ እሷ ምኗ ሩጫ ናት!» አሉኝ። «ባስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሁሉ ይሮጣታል።»

ሚስስ ፋንን ያወቅኩት በሁለተኛው በጋ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አጭር ፀጉር ያላቸው፣ ሜይላንድ ሃይትስ የሚባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ቻይናዊት ናቸው። በዕድሜ እኩዮቻቸው ምድብ ይሮጣሉ። ከሁሉም ሯጭ ቀድመው ይመጡና ዜሮ ተኩሱን አጥሩን ተደግፈው ይመለከታሉ። ሲያበቃ ወደ ድንኳኑ ይጠጉና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ማሽኑ ደህና አደረ?»

«ደህና ነው» እላለሁ። ያኔ ሰውነታቸውን ማሟሟቅ ይጀምራሉ። ሌላ ሯጭ ስለ ማሽኑ ጠይቆኝ አያውቅም።

ምክንያቱን የሰማሁት በረዶ በወረደበት ቀን ነው። የካልጋሪ የነሐሴ በረዶ የመኪና መስታወት ይሰብራል። ሦስታችን ዕቃ ማመላለሻው ቫን ውስጥ ተጠለልን፣ ጋሼ፣ ሚስስ ፋንና እኔ። ሚስስ ፋን ከቦርሳቸው በእንፋሎት የበሰለ፣ ውስጡ የተሞላ ነጭ ዳቦ አወጡና ለጋሼ ዘረጉላቸው።

«ሥጋ አለው?» አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ። ፍልሰታ ነበር።

«የአሳማ ነው፣ በጣም ጥሩ!»

«በጾም፣ ያውም አሳማ!» አሉኝ ጋሼ በአማርኛ። «ሴትዮዋ በአንድ ጉርሻ ሁለት ጊዜ ልታስኮንነኝ ነው።» ስተረጉምላቸው ሚስስ ፋን እስኪያስላቸው ሳቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎመን ብቻ ያለበት ይዘው መጡ፤ ዘይቱም የአትክልት መሆኑን ነገሯቸው።

በረዶው ጣሪያውን እየደበደበ ታሪካቸውን ነገሩን። ገና ልጅ ሳሉ ከቤተሰባቸው ተለይተው የስፖርት ትምህርት ቤት ገቡ። አድገው በመቶ ሜትር የአገራቸው ሻምፒዮን ሆኑ፤ በዓመቱም ደገሙት። ከሁሉ የበለጠውን ሩጫ የሮጡት ግን በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የዚያን ቀን ማሽን አልመጣም። ሦስት ሰዎች ስቶፕዎች ይዘው ቆሙ። ሦስቱም ያዩት ሰዓት ከአገሪቱ ሬከርድ የተሻለ ነበር። በእጅ ስለተያዘ አልተመዘገበም። «በሚቀጥለው ዓመት ማሽን ባለበት ትደግሚዋለሽ» አሏቸው። በሚቀጥለው ዓመት የጭናቸው ጅማት ተበጠሰ፤ በዚያው ቀረ።

«ሜዳሊያ አለኝ» አሉ። «የምፈልገው ግን አንድ የተቆጠረ ሩጫ ነው። አንድ። ከዚያ እቀመጣለሁ።»

ጋሼ «ሻምፒዮን» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም።

አሁን የሚያናድደኝ ጋ ደረስኩ። ያለፈው ሐምሌ ነው፣ የሁለት ቀን ውድድር። ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ዜሮ ተኩሱን ተኮሱ፤ ብልጭታው ዜሮው ላይ ታየ። ነፋስ መለኪያውም ለሬከርድ የሚፈቀደውን ያህል ነበር የሚያሳየው፣ ቀኑን ሙሉ።

በመጀመሪያ በወንዶች ምድብ ብራያን የሚባል የጥርስ ሐኪም ሮጠ። የግሬግ ጓደኛ ነው። የዕድሜ ምድቡን የክፍለ ሀገሩን ሬከርድ ሰበረ። ሰዓቱን እንደ ሁልጊዜው በወረቀት ጽፌ ለግሬግ ሰጠሁት። ግሬግ ሥዕሉን እንኳ አላየም፤ ማይክሮፎኑን አንስቶ ለሕዝቡ አወጀ፣ ወርዶም ብራያንን አቀፈው።

ቀጥሎ ሴቶቹ ሮጡ። ሚስስ ፋን ከሌሎቹ ብዙ ርቀው ብቻቸውን ገቡ። ሥዕሉን ከፈትኩ፣ መስመሯን ደረታቸው ላይ አሳረፍኩ፣ አነበብኩ። እንደገና አነበብኩ። በሴቶቹ ምድብ የነበረውን ሬከርድ በሰፊው አሻሽለውታል።

ግሬግ ወረቀቱን አይቶ ማይክሮፎኑን አላነሳም። ወደ ድንኳኑ መጣ። «ይሄ ሊሆን አይችልም። ማሽኑን ቼክ አድርጊው።»

ሥዕሉን አሳየሁት።

«ተኩሱን ዘግይቶ ሰምቶ ቢሆንስ?»

«ጠዋት ዜሮ ተኩሱ ትክክል ነበር። ከብራያን ሩጫ ወዲህም የተነካ ነገር የለም» አልኩ። ድምፄን እኔም በደንብ አልሰማሁትም።

«ስድሳ ያለፋት ሴት ናት» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ደግሞ ከየት እንደመጣች ታውቂያለሽ። እዚያ ምን ምን እንደሚወስዱ…» ብሎ ትከሻውን ሰበቀ።

አበረታች መድኃኒት የጠረጠረ ሰው ምርመራ ያስጠይቃል፤ ሥርዓት አለው። ግሬግ የጠረጠረው ሴትዮዋን ነው፣ ወንጀለኛ ያደረገው ግን ማሽኑን። ይህን ያኔ ልለው ይገባ ነበር። አላልኩትም።

ጋሼ ሽጉጣቸውን ይዘው መጡ። «ምን ተፈጠረ?»

«ቀድማ ተነስታ ይሆን ታደሰ?»

«ቀድማ ብትነሳ ሁለተኛ ተኩሼ እመልሳት ነበር» አሉት ጋሼ። «ሁለተኛ ሲተኮስ ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«አልተኮስኩማ!»

«በኋላ እናየዋለን» አለና ሄደ። ሚስስ ፋን ከአጥሩ ማዶ ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርገው ወደ ድምፅ ማጉያው ይመለከቱ ነበር። ድምፅ ማጉያው የሚቀጥሉትን ሯጮች ጠራ።

ማምሻው ላይ ግሬግ ውጤቱን ከራሱ ላፕቶፕ አትሞ አጥሩ ላይ ለጠፈው። ከብራያን ስም አጠገብ «ሬከርድ» ይላል። ከሚስስ ፋን ስም አጠገብ «በእጅ» ይላል። ከታች በትንሹ «የማሽን ብልሽት» ብሎበታል።

ያን ቀን በሜዳው ላይ ስቶፕዎች የያዘ ሰው አልነበረም። ሦስቱም ስቶፕዎቾች እኔ ጠረጴዛ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ነበሩ፤ ካርቶኑም እንደታሸገ ነበር። ሰውየው እኔ ያነበብኩትን የማሽን ሰዓት ወስዶ፣ በእጅ የሚያዝ ሰዓት በአንድ ቁጥር ስለሚያጥር የመጨረሻዋን ቁጥር ቆርጦ፣ «በእጅ» ብሎ ስም አወጣለት።

ሚስስ ፋን ወረቀቱን አነበቡ። ጣታቸውን ምልክቷ ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ነው የያዘው?»

«ማንም» አልኳቸው።

«ያኔ እንኳ ሦስት ሰዎች ነበሩ» አሉና ጫማቸውን ቦርሳ ውስጥ ከተው ሄዱ።

ቤልትላይን ሰፈር ካለችው አፓርትመንቴ ገብቼ ጃኬቴን ሳላወልቅ ጋሼ ደወሉ። «ነገ ቅዳሴ ነበረብኝ። ግን ስለ ግሬግ ቆሜ የምጸልይ አልመሰለኝም፣ ስለዚህ እመጣለሁ። አንቺስ ምን አሰብሽ?»

«ደንቡን እያነበብኩ ነበር» አልኳቸው። «ተበላሽቷል የተባለ ማሽን ባለሙያ ሳያየው ሊሠራበት አይችልም። ግን ጋሼ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ደግሞም ያባርረኛል።»

«ሊያባርርሽ ይችላል፤ አልዋሽሽም» አሉ። «ተናገሪ ግን ማን አለሽ? ካርቶኑን ክፈቺ።»

እሑድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሜዳው ላይ ነበርኩ። ካሜራውን ከሳጥኑ አላወጣሁም። ካርቶኑን ከፍቼ ሦስቱን ስቶፕዎቾች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፤ አጠገባቸውም «በትናንቱ የማሽን ብልሽት ምክንያት ዛሬ ሁሉም ሰዓት በእጅ ነው» ብዬ ጽፌ አቆምኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ሯጮቹ እየመጡ ያነቡ ጀመር። ብራያን በሁለት መቶ ሜትር ሁለተኛ ሬከርድ ሊሞክር ነበር የመጣው። አነበበና ፊቱ ቀላ፤ ግሬግን ከመኪናው አውርዶ አመጣው። ከኋላቸው ግማሹ ሯጭ ተከተለ። ሚስስ ፋንም መጥተው ነበር፤ ሳር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስራሉ።

«ካሜራው የታለ?» አለኝ ግሬግ።

«ሳጥኑ ውስጥ።»

«ለምን?»

«ተበላሽቷል ብለሃል።»

«ማሽኑ ምንም አልሆነም!» ብሎ ጮኸ።

«ትናንትስ?» አልኩት።

ጋሼ ከጎኔ ሆነው ሽጉጣቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ብራያን አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ አጥሩ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። «ግሬግ፣ እኔም የሮጥኩት በዚሁ ማሽን ነው» አለው። ለሚስስ ፋን አዝኖ አልነበረም፤ ለራሱ ሬከርድ ፈርቶ ነው። ያም ይበቃ ነበር።

«ትናንትም ደህና ነበር» አለ ግሬግ፣ በጥርሱ መሃል።

ላፕቶፑን ከግሬግ ተቀብዬ «በእጅ» የሚለውን አጠፋሁና በቦታው የማሽኑን ሰዓት መለስኩ፤ አትሜም አጥሩ ላይ በአሮጌው ፈንታ ለጠፍኩት። ከዚያ ማይክሮፎኑን አነሳሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ነክቼው አላውቅም ነበር። የሚስስ ፋንን ሙሉ ስም፣ ሰዓታቸውንና አዲስ ሬከርድ መሆኑን አነበብኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ፤ እስከ መጨረሻው ግን አነበብኩት። ሚስስ ፋን አንዱ ጫማቸው ሳይታሰር ብድግ ብለው፣ ሽልማት እንደሚቀበል ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ።

እንደኔ ሩጫ ለሚለኩ የሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህንን ነው፤ ማሽን ከተጠረጠረ በእሱ የተለካ ሰው ሁሉ ይጠርጠር፣ ካልሆነ ማንም አይጠርጠር።

ማይክሮፎኑን አስቀምጬ ሳጥኑን ከፈትኩ። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ሰቀልኩት፤ ጋሼም ለዜሮ ተኩሱ ወደ መስመሩ ወረዱ።