በጎን የተሳለችው

ካርቱም፣ ጣኢፍ ሰፈር፣ በምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ የባለቤቶቹ ልጆች ፊት በቀለም ተስሎ ተሰቅሏል። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። «የኔዎቹስ ከመንገድ የተለቀሙ ናቸው?» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ከልጅ ልጆቼ የመጀመሪያ ጥርሱ የወለቀ ሁሉ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ የሱቅ ማስታወቂያ የሚሥል አንድ ሱዳናዊ ዘንድ ሄዶ ይሳላል። ሕጉ የኔ ነው፦ መጠኑ እኩል፣ ፍሬሙ እኩል። ማበላለጥ የለም።

አምስተኛዋን የወሰደቻት እናቷ ናት፣ ሴት ልጄ። ይህችን ልጅ በሕፃንነቷ ኩፍኝ ይዟት ሲለቃት ግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር ጥሎባት ሄዷል። እንግዳ ሲመጣ ያን ጎኗን ወደ ግድግዳ ማዞር ለምዳለች። ሥዕሉ ጀሪፍ ሰፈር ቤታችን መጥቶ ሲገለጥ በጎን ተስላለች። አንድ ዓይን ብቻ።

ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሣሁ።

«ምነው እማዬ፣ አላማረም?»

«እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማነው?»

መልሱን ታውቀዋለች። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው። በጎን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው።

«በጎን ሣላት ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «የመጣ ሁሉ ከንፈር እንዲመጥላት ነው የምትፈልጊው?»

«አራቱን ፊት ለፊት ሰቅዬ እሷን ከይሁዳ ጋር ላስቀምጣት?»

«ሱዳኑ ስለ ይሁዳ ምን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ!»

አልሰቀልኩትም። ምስማሩ ባዶውን ሰነበተ። ልጅቱ እየመጣች ምስማሩን ታያለች። «ሐቦባ፣ የኔስ?» ትለኛለች፤ እዚህ የተወለዱት አያታቸውን እንደ ሱዳኖቹ ነው የሚጠሩት። እንቅልፍ ነሳችኝ። አንድ ጠዋት እጇን ይዤ ሃፍላ፣ የከተማውን አውቶቡስ፣ ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ግራ ፊቷን ነጠላዬ ውስጥ ቀብራው ነበር።

«ያ ሐጃ፣ ያሳመርኳት መስሎኝ እኮ!» አለ ሠዓሊው። የአንገቴን መስቀል እያየ፣ መካ ደርሳ እንደመጣች ሙስሊም ሐጃ ይለኛል።

«ያሳመርካት ለማን ነው? እንደገና!»

በርጩማ ላይ አስቀመጣት። ግራ ጎኗን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ «ያላ፣ ወደኔ» ሲላት ወለሉን አየች። እግሯ በርጩማውን ይደበድባል። እኔም በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። «ቀና በይ!» ልላት አልኩና ዋጥኩት። ለካ እሷን የጠየቀ የለም።

«አንቺስ? ፊት ለፊት ይሣልሽ?» አልኳት።

በርጩማውን መደብደብ አቆመች። «የወንድሜን ጆሮ እንዳለ ነው የሣለው?»

«እንዳለ። እንደ ድስት ጆሮ።»

ሳቀች፤ ስትስቅም ወደ ሠዓሊው ዞረች። ሠዓሊው ፈጥኖ ጀመረ። ግራ ዓይኗ ላይ ነጩን ጠብ ሲያደርግ ከበርጩማው ዘላ ወርዳ ሥዕሉን አየች።

«ላ! አይደለም!»

የዓይኗን ቆብ በጣቷ ገልጣ ሠዓሊው ፊት ደቀነችው።

«ሹፍ! በደንብ እየኝ። ሰማያዊም አለው።»

ሠዓሊው ጎንበስ ብሎ አየ። ብሩሹን ጠረገና የሰማያዊውን ቆርቆሮ መፈለግ ጀመረ። እኔም ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።