ሙሽራው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ

አዲስ አበባ በተያዘች ሰሞን፣ ከመላው አዋሳ ስለ መንግሥት ያላወራሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅ፣ የሬዲዮው አማርኛ ግማሹ አይገባኝም። እኔን ያስጨነቀኝ የሴት ልጄ ሰርግ ነበር። ዳሱ እዚሁ አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ተጥሏል፤ ሙሽራው አዲስ አበባ ነው።

ሰርጉ መጀመሪያ ለሚያዝያ ነበር የተቆረጠው። ያኔ ወጣቱ ለውትድርና ይታፈስ ስለነበር ሙሽራው አክስቱ ቤት ተደብቆ ሰነበተና ሰርጉ ወደ ግንቦት ተገፋ። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ወር አንመርጥም። ጎረቤቴ ባለሱቋ ግን በግንቦት ሰርግ አይደገስም ብላ ስትለፈልፍብኝ ከርማለች። ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ሄዱ የተባለ ዕለት ከአጥሩ በላይ ብቅ አለችና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰርግሽ ገና ሳይደርስ እንዲህ ካደረገን፣ የደረሰ ዕለት ምን ሊተርፈን ነው?» አለችኝ።

ማክሰኞ አዲስ አበባ ተያዘች ተባለ። ሰርጉ እሑድ ነው። እኔ እንደሆነ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም፣ እግሬ መናኸሪያ ወሰደኝ። አውቶቡስ የለም። ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣው ወታደር ብቻ ነው፤ ገሚሱ በጭነት መኪና፣ ገሚሱ በእግሩ ወደ ሞያሌ ይሸሻል። ረጅም ቀጭን ሙሽራ አይታችኋል ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ፤ ምስኪኖች፣ እንደዚያ ሆነውም አላየንም እናት ይሉኛል። በማግስቱ ሐይቁ ዳር፣ ቡሹሎ ድረስ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በሐይቁ ዋኝቶ የሚመጣ ይመስል።

እውነቱን ለመናገር ባገኘውም መልኩን አልለየውም ነበር። በእኛ አገር ወግ አማች የአማቱን ፊት አያይም። ሽማግሌ ይዞ የመጣ ጊዜ አንገቱን እንደሰበረ ገብቶ፣ አንገቱን እንደሰበረ ወጣ። የማውቀው ማጅራቱን ነው።

ቅዳሜ የበሬው ነገር መጣ። ታርዶ ሙሽራው ቢቀር ሥጋው ይበላሻል፣ ልጄም የአገር መሳቂያ ትሆናለች። ወንድሞቼ ይቆይ አሉ። እኔም ልቤ ወደ እነሱ አደላ። ልጄ ይህን ስትሰማ ከጓዳ ወጣች።

«በእግሩም ቢሆን ይመጣል፤ በሬውን እረዱት» አለች።

ታረደ።

እሑድ ቬሎዋን ለብሳ ተቀመጠች። ዳሱ ሞላ። ጓደኞቿ «አናስገባም ሰርገኛ» እየዘፈኑ ሊከለክሉ በሩን ይዘው ቆሙ፤ የሚከለከል ግን አጡ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ከዚያ አንድ ጺሙ ያደገ ወታደር፣ አቧራ ለብሶ፣ ብቻውን መጣና ሙሽራው እኔ ነኝ አላቸው። ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

«ሚዜዎችህስ? ታንኩን ሊያቆሙ ሄደው ነው?» አለችው አንዷ።

ሳቁን ሰምቼ ወጣሁ። መንገደኛ ነው፣ ርቦት ነው ብዬ ዳቦ ላይ ሥጋ አድርጌ ይዤለት መጣሁና፣ ብላ ልጄ፣ ከዚያ መንገድህን ትቀጥላለህ አልኩት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ወደ አጥሩ ዞረና ቁጢጥ ብሎ ይበላ ጀመር። በዚያ ሳምንት ስንቱን ወታደር አብልቻለሁ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ የበላ ግን የለም። ደግሞ አበላሉ እንደ ራብተኛ ሆኖ አቀማመጡ እንደ አይናፋር ነው። ጠጋ ብዬ አየሁት። ማጅራቱን አወቅኩት።

ሻሸመኔ ላይ አንድ የሚሸሽ ወታደር ለሰርጉ የያዘውን ሱፍ ነጥቆት፣ የለበሰውንም አስወልቆ፣ የራሱን የደንብ ልብስ ጥሎለት እንደሄደ የሰማነው ኋላ ነው። ለእኔ ይህን ሁሉ እንዳያስረዳኝ አማቱ ነኝ፤ እንዴት ብሎ ቀና ይበል?

ልጄን ጠራኋት። ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ እየሮጠች ወጣች። በሩን የያዙት ልጆች ገለል አሉ። እሱም ጉንጩ እንደሞላ ብድግ አለ። የደንብ ልብሱንም ጺሙንም ያየች አልመሰለኝም፤ ያየችው ዳቦውን ነው።

«ሳትጠብቀኝ በላህ?» አለችው።

የተረፈውን ቆርሶ አጎረሳት። እዚያው በር ላይ እያላመጠች እጁን ይዛው ገባች።