ማንም ይስፋው የተባለ ሱሪ

ልብስ ሰፊዋ ቀኝ ትከሻዋ አልነሳም ያላት ጠዋት፣ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ትከሻዋ ሳይሆን ስላላለቁት ሦስት ሸሚዞች ነው። ይኸው ነው የሷ ነገር። ሰው ሲያመው ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ እሷ ሲያማት የቀጠሮ ደብተሯን ታገላብጣለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ስምንቱን ዓመት ያሳለፈችው ከጤና ጣቢያ አጥር ጋር በተጣበቀች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ መቆም ወይም እጃቸውን ማንሳት ለማይችሉ ሰዎች ልብስ ስትሰፋ ነው። ሜትር ካንገቷ ስለማይወርድ ሰፈሩ "ሜትሯ" ይላታል። ትክክለኛ ስሟን ከእህቷና ከቤት አከራይዋ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ቀኑን ሙሉ ዊልቸር ላይ ለሚውል ሰው የሱቅ ሱሪ ጠላቱ ነው። ከኋላ ወርዶ ወገቡን ያራቁተዋል፣ ከፊት ተከማችቶ ሆዱን ያፍነዋል፣ የኋላ ኪሱ ስፌት ደግሞ ሥጋውን ይበላዋል። እግሩ የማይሰማው ሰው ስፌት ቢቆረቁረውም አያውቅም፤ የሚያውቀው ከቆሰለ በኋላ ነው። ስለዚህ ሜትሯ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ያለ፣ መቀመጫው ላይ አንድም ስፌት የሌለበት ሱሪ ፈለሰፈች። እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ከጀርባ የሚከፈት ሸሚዝ፣ ተኝታ ለምትውል ሴት ትከሻዋ ላይ የሚቆለፍ ቀሚስ ሠራች። ማንም አላስተማራትም። እያበላሸች፣ እየፈታች፣ ጨርቁን እየተሳደበች ነው የተማረችው። ቅዱን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን ቅርጽ፣ የምታስቀምጠው ጤና ጣቢያው የሚጥለውን የራጅ ፊልም እያጣበቀች እሱ ላይ ነበር፤ ወረቀት ይቀደዳል፣ ፊልም ግን ሰው እስኪሞት ያገለግላል። ሠላሳ አንድ ቅድ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅሏል። መስኮቱ ሲከፈት የማን እንደሆነ በማይታወቅ የጎድን አጥንት ውስጥ ብርሃን ያልፋል፤ እንግዳ ሰው ይደነግጣል፣ እሷ ግን ከለመደችው ቆይታለች።

ደክሟት ነበር። እንቅልፍ የማያወጣው ድካም ነው። ሥራውን ልተው ባለች ቁጥር ግን አንዲት ጥያቄ ትመጣና እጇን ትይዛታለች፤ እኔ ብተወው ማን ይሰፋላቸዋል?

ታናሽ እህቷ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። አንድ ቅዳሜ መጥታ ከስልኳ ላይ ማስታወቂያ አነበበችላት። የእጅ ሥራቸውን ለሕዝብ በነፃ ለሚለቁ ሰዎች አነስተኛ ድጎማ እንሰጣለን ይላል።

"እታለም፣ ቅዶችሽን ልቀቂና ይርዱሽ። ኢንተርኔት ላይ ይወጣሉ፣ ማንም አውርዶ ይሰፋል።"

"ማንም?"

"ማንም።"

"ሰፍቶ ቢሸጥስ?"

"ይሽጣ። ልቀይረው ካለም ይቀይር። ክፍት ፈቃድ የሚሉት እሱን ነው። የመጀመሪያዋ ሠሪ አንቺ መሆንሽን መጻፍ ብቻ ነው ግዴታው።"

"ሞቼ ነው ቆሜ! ዓይኔ የጠፋበትን ሥራ ሜዳ ላይ ልበትነው?"

እህትየው ነገረኛ ናት፤ ነገሯን የምታሳርፍበትን ቦታ ግን ታውቃለች። "ካልበተንሽው ተሸክመሽው መሞትሽ ነው። ሌላ ሰው ከቻለበት ግን ትተኛለሽ" አለቻት።

ትተኛለሽ። ከዚያ ሁሉ ወሬ ልቧ የገባችው ይህች አንዲት ቃል ናት።

ድጎማ ሰጪው ቢሮ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ክፍል ነው። መነጽር ያደረገችው ሠራተኛ ብዕሩን ከመስጠቷ በፊት፣ "እናቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። አንዴ ከወጣ መመለስ የለም። ነገ ቅር ቢልዎት መልሱልኝ አይባልም" አለቻት።

"ልጄ፣ እኔ መልሱልኝ የምለው እንቅልፌን ነው" አለችና ፈረመች።

ፊልሞቹ ለቢሮው ኮፒ ማሽን ትልቅ ሆኑ። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ንድፍ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ ተቀጠረና እሷ ቅዱን እየለካች ቁጥሩን ትነግረዋለች፣ እሱ ይነድፋል። አምስት ሳምንት ፈጀባቸው። ሠላሳ አንዱም ሲወጡ ሜትሯ በሯ ላይ "ሥራ አቁሜያለሁ፤ ቅዱ ኢንተርኔት ላይ አለ" የሚል ወረቀት ለጠፈች።

ከደንበኞቿ ሁሉ ያኮረፈው አንድ ጡረተኛ ሾፌር ነው። መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ከከዱት ጀምሮ ከሷ ሌላ ሰው ሰፍቶለት አያውቅም። "ጋሼ፣ ገበያው ውስጥ ያለው ሰፊ ጎበዝ ነው፤ ቅዱን አሳየው፣ ይሠራልሃል" ብትለው፣ "አባረርሽኝ በይኛ!" ብሎ ዊልቸሩን እያንቋቋ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ተኛች። እየተነሳች ትበላለች፣ ተመልሳ ትተኛለች።

በአሥረኛው ቀን ስልክ ተደወለ። አይታው ከማታውቀው ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ድምፁ ትሑት።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሱሪዎ ይጠባል።"

"ምን አልክ?"

"ለሦስት ሰው ሰፋሁ፤ የቆረጥኩት በቁጥሩ ነው። ሦስቱንም ጠበባቸው። አንደኛዋ ጭኗ ቀልቶ አገኘነው።"

"አንተ አቆራረጥ ሳትችል የኔን ቅድ ታማለህ? አሥራ ስምንት ዓመት ስሰፋ አንድ ሰው ጠበበኝ ብሎኝ አያውቅም!"

ሰውየው አልተቆጣም። "እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እጄን ነው። ግን ጉድለቱ ሁሌም እኩል ነው፤ ከየመቶው አራት። እጅ ሲሳሳት እንዲህ እኩል አይሳሳትም። እትዬ፣ ሜትርዎ ስንት ዓመቱ ነው?"

ስልኩን ዘግታ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ፣ ማዶ ካለው ሱቅ አዲስ ሜትር ገዝታ መጣች። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። የአሮጌው መቶ ከአዲሱ መቶ አራት ትይዩ አረፈ።

የጨርቅ ሜትር ይለጠጣል፤ ይህን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም፣ የራሱን ሜትር የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው። ለሷ ደግሞ ምንም ጎድሎባት አያውቅም። ሰውየውን የምትለካው በሱ፣ ጨርቁን የምትቆርጠው በሱ፤ ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚዋሽ ልብሱ ልክ ይመጣላታል። ውሸቱ የወጣው ቁጥሩ ከቤቷ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

እህቷ ከሥራ በቀጥታ መጥታ ቢሮው ጋ ደወለች። ቅዱን መቶ አርባ ሰው አውርዶታል፤ ማን የት እንደሆነ አይታወቅም። መሰብሰብ አይቻልም፤ የተስተካከለ ቅጂ ማውጣት ግን ይቻላል፤ እስከዚያው ማሳሰቢያ ይለጠፋል አሏት።

"'የተሻሻለ እትም እየተዘጋጀ ነው' እንበላ" አለች እህትየው። "ውሸት አይደለም። ስምሽም አይበላሽ፣ ነገ ሌላ ድጎማ ትጠይቂ ይሆናል።"

ሜትሯ እሺ ልትል አፏ ድረስ መጣ። ደክሟታል፤ የደከመው ሰው ቶሎ እሺ ይላል። ግን ራሷን በሌላ ልብስ ሰፊ ቦታ አስቀምጣ አየችው። "የተሻሻለ" የሚል ወረቀት ቢደርሳት የሰፋችውን ሱሪ ልትፈታ ነው? አትፈታም። የድሮውም ደህና ነው ብላ ታልፈዋለች።

"ጻፊ" አለቻት። "'ሜትሬ ተለጥጦ ኖሮ የሰጠኋችሁ ቁጥር ሁሉ ስህተት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። በዚያ ቁጥር የሰፋችሁትን ልብስ ዛሬውኑ ከሰው ገላ ላይ አውልቁ። ቆዳውንም እዩለት።'"

"እታለም፣ ይሄ እኮ ራስን መክሰስ ነው።"

"ጻፊ አልኩሽ!"

ከዚያ ሠላሳ አንዱን ፊልም ከግድግዳው አውርዳ በብረት ማስመሪያ እንደገና መለካት ጀመረች። አሥራ ስድስት ቀን ፈጀባት። ትከሻዋ እሳት ይተፋል፤ ማስመሪያውን በግራ እጇ ይዛ፣ ቁጥሩን ለእህቷ እየጠራች፣ በየመሃሉ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ትደፋለች። ያ ዘጠኝ ቀን የተኛችው እንቅልፍም ጠፋ፤ ሾፌሩ ስልክ አያነሳም። በገዛ አፏ ወደ ገበያው ሰፊ የላከችው እሷ ናት፤ ገበያ ብትወርድ የሰፊው ሱቅ ዝግ ነው። ቤቱ የት እንደሆነ እንኳ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የሚመጣው እሱ ነዋ! ቀኑን ሙሉ የምታስበው ስለሚጠበው ሱሪ፣ ስለማይሰማው እግሩ ነበር።

አዲሱ ቅጂ ከወጣ ሳምንት አልፎት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ በዊልቸር ተገጨ።

"ቤቶች!"

ሾፌሩ ነው። ከስቷል።

"የት ጠፋህ ጋሼ? ስልክህስ?"

"ተኝቼ ነበር። ሦስት ሳምንት በሆዴ።"

ምንም ሳይነግራት ገባት።

"ያ ሰውዬ ሱሪውን ሰፍቶልኝ ለብሼ ሰነበትኩ፤ እኔ መች ይሰማኛል!" አለ። "ከዚያ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ እያለከለከ ቤቴ ድረስ መጣ። 'ያውልቁት፣ የቅዱ ባለቤት ራሷ ጥፋቱ የኔ ነው ብላለች!' አለኝ። ልጄ ስታየው መቀመጫዬ ደም መስሏል። ቆዳው ግን አልተከፈተም። ሐኪሙ፣ ሁለት ቀን ብትቆዩ ኖሮ አጥንት ድረስ ነበር አለ።"

"እኔ ነኝ" አለች።

"አዎ፣ አንቺ ነሽ" አለ ሾፌሩ ሳያባብላት። "የወለሉን ስንጥቅ እየቆጠርኩ ስረግምሽ ነው የከረምኩት። ኋላ ልጄ ያጻፍሽውን አነበበችልኝ። ከዚያ ወዲህ መርገሙ አልመጣ አለኝ።"

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና እንደ ልማዷ በርከክ ብላ የለበሰውን ሱሪ መፈተሽ ጀመረች፤ ያው የገበያው ሰፊ በአዲሱ ቁጥር የሰፋው ነው። ጣቷን በወገቡ ዙሪያ አስገባች፣ ከጭኑ ሥር ዳሰሰች። አንድ ጥፋት አላገኘችም። ጉልበቱ አጠገብ፣ ከጎን በኩል ግን እሷ ያላደረገችው ኪስ አለ።

"ይሄን ኪስ ማን እዚህ አመጣው?"

"እሱ ነዋ። ተቀምጬ እጄ የት እንደሚደርስ አይቶ። ኢንተርኔቱ ላይም ጨምሮታል፤ ካንቺ ስም ሥር የሱም ስም አለ።"

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ኪሱን ጭኑ ላይ እያደረገችለት፣ ሾፌሩ ስልኩን ለማውጣት ሲታገል እያየች፣ ይህ አንድ ቀን አልታሰባትም። ቀናች። ቀጥሎ ደግሞ ከትከሻዋ ላይ አንድ ነገር የወረደ መሰላት፤ ሰውየው ከሷ ይበልጣል፣ ከዚህ በኋላ የሷ እጅ ባይኖርም ሰው ራቁቱን አይቀርም።

"ታዲያ ለምን መጣህ? ሱሪ አለህ፣ ሰፊ አለህ።"

"ሱሪ የሌለው ብቻ ነው እንዴ እዚህ ቤት የሚመጣው?" አለ።

እስከዛሬ ሲያወራት መርፌ በአፏ ይዛ ከጉልበቱ ሥር "እህ" እያለች ነው የሰማችው። አሁን የሚለካም፣ የሚሰፋም፣ የሚፈታም የለም። ከወለሉ ተነስታ በርጩማ ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ትክ ብላ አየችው።

"ጋሼ፣ አርጅተሃል እኮ" አለችው።

"ገና አሁን ነው ያየሽኝ?"

"አዎ" አለች፤ እውነቷን ነበር።