ቅመም ተራ ልጅ ልንለምን የሄድን ጊዜ

ሕፃኗን ለማምጣት ከግሪክ አገር አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል። በመጀመሪያው ጉዞ ባዶ እጃችንን የተመለስነው በሌላ በማንም ሳይሆን በእኔ ጨዋነት ምክንያት ነው። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያወራዋል፤ ሲያወራው ደግሞ ጨው ይጨምርበታል። ስለዚህ እንደነበረው አድርጌ እኔው ብጽፈው ይሻላል።

የልጅቷ እናት የአጎቴ ልጅ ነበረች። እሷም ባሏም በሕመም ተከታትለው ሲያርፉ ሕፃኗን የወሰዷት የአባቷ ታላቅ እኅት ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ ተራው ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። መርካቶ ቅመም ተራ ውስጥ ከአንድ በር የማትሰፋ ሱቅ ነበረቻቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጆንያ ለጆንያ የምትሮጥ የሦስት ዓመት ልጅ መከተል አቃታቸው። እኛ ደግሞ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖን ልጅ አልተሰጠንም። በዘመድ ተላላክንና “ኑና እንነጋገር” አሉ። ያችን “እንነጋገር” ያኔ በቅጡ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ለመግባት ወረቀት፣ ለመውጣት ወረቀት። ባለቤቴ ሁሉንም በአንድ ማኅደር ሰድሮ በብብቱ ይዞ ነበር የሚዞረው። ግሪካዊ ነው፤ ያስተዋወቀን ቤተ ክርስቲያን ነው። አማርኛው ከእኔ የለቀማት ሃያ የማትሞላ ቃል ብትሆንም እናቱ ወደብ ላይ ዓሣ ሲሸጡ ከቅርጫት ሥር ያደገ ሰው ስለሆነ ገበያ የትም አገር አይጠፋበትም።

የመጀመሪያ ቀን የእትዬን በር ስናልፍ ማስነጠስ ጀመረ። በበርበሬና በሚጥሚጣው መሐል ቆሞ ሰባት ጊዜ አከታተለው። በዚህ ጊዜ ከባንኮኒው ሥር አንዲት ትንሽ ጭንቅላት ብቅ አለች። ግራ እጇን ጨብጣ ወደ ላይ አነሣችና “ወደፊት!” አለችን። በየስብሰባው ሲባል ሰምታ ሰላምታ መስሏት ነው። ባለቤቴም እጁን ጨብጦ “ወደፊት!” አለና መልሶ አስነጠሰ።

“ይድገመው!” አለች ሕፃኗ።

ደገመላት። በሁለቱ መካከል ነገሩ የዚያን ዕለት አለቀ። የቀረው የእትዬ ልብ ነበር።

እኔ ለዚህ ጉዳይ ሱባዔ ይዤ ነው የመጣሁት። የነፍስ አባቴም “በትሕትና ቅረቢ” ብለውኛል። ስለዚህ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዓይኔን ወደ መሬት አድርጌ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ የሚሰፍሩበትን ጣሳ ኮረሪማው ላይ አስቀመጡና ጀመሩ።

“ስሟን እንዳትለውጪ።”

“እሺ እትዬ።”

“ጠጉሯን መቀስ እንዳይነካው።”

“እሺ።”

“ሰባት ዓመት ሲሞላት ረቡዕና ዓርብን ትጹም።”

“ደስ እያለኝ!”

“በርበሬ ከአፏ እንዳይለይ። እኔው እልካለሁ።”

“እሺ።”

“ባሕር አጠገብ እንዳትደርስ። ውኃ ልጅ ይወስዳል።”

የምንኖረው ወደብ ከተማ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ጨዉ መስኮታችን ላይ ይደርቃል። “እሺ እትዬ” አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። “ሁሉንም እሺ?”

“እርስዎ ያሉት ሁሉ ይሁን።”

“ጉድ ነው” አሉ ለራሳቸው።

በማግስቱ ጥጥ መፍተል ትማር አሉኝ፤ እሺ። ሲኒማ ቤት እንዳትገባ፤ እሺ። ስትተኛ ራስጌዋ ወደ ምሥራቅ ይሁን፤ እሺ። እኔ እሺ ባልኩ ቁጥር የእሳቸው ፊት እየጠቆረ ሄደ። በሌላ በኩል ባለቤቴ ጎረቤት ካለው ሱቅ በአንዲት ቅርጫት ግማሽ ሰዓት ተከራከረ። “ውድ ነው!” እያለ ሁለት ጊዜ ጥሎ ሄደ፣ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ተመለሰ። እትዬ ከደጃፋቸው ሆነው ሲያዩት ቆዩና “እሱስ ሰው ነው” አሉ። እኔ ምን እንደሆንኩ አልተናገሩም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የመቆያ ፈቃዳችን አለቀ። “ሂዱና ተመለሱ፤ ላስብበት” አሉን። ለልጅቷ የገዛሁትን ጫማ ይዤ እያለቀስኩ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። “ትንሽ ኃጢአት ቢገኝብኝ ነው” ብዬ የባሕሯን ውሸት ተናዘዝኩ።

ዓመት ቆይተን ስንመለስ ጫማው ጠቧታል። እትዬም ከበሩ እንደቆሙ “መጣችሁ?” ብለው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። እኔ ደጅ ቀርቼ እንባዬን ስጠርግ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ የወሎ ሰው፣ ሐጂ፣ በእጃቸው ጠሩኝ።

“ልጄ፣ ምነው ሴትዮዋን አስፈራሻቸው?”

“እኔ? ምን አድርጌ ሐጂ?”

“እሺ እሺ እያልሽ ነዋ! መጀመሪያ የተጠራውን ዋጋ ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው እዚህ ተራ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? አንድም ብሩ ፎርጅድ ነው፣ አንድም ዕቃውን አይወስደውም። ‘ይቺ ልጅ አንዱንም ልትፈጽመው አላሰበችም፤ ብታስብ ኖሮ አንዱ እንኳ በከበዳት’ እያሉ ይኸው ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የላቸውም።”

“እኔ እኮ ላክብራቸው ብዬ ነው።”

“አክብሪያቸው። እየተከራከርሽ አክብሪያቸው።”

እኔ ያደግሁበት ቤት ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልም። ስለዚህ አብነት ሰፈር አጠገብ በተከራየናት ክፍል ልምምድ ገባን። ባለቤቴ ነጠላዬን ተከናንቦ አልጋው ላይ ተቀመጠና እትዬን ሆነ።

“ጠጉር አይቆረጥም!” አለኝ በወፍራም ድምፅ።

“እሺ።”

“አይደለም!” አለና ትራሱን ወረወረብኝ። በአምስተኛው ሙከራ እምቢ ማለት ቻልኩ፤ ግን ከኋላው “ይቅርታ ያድርጉልኝ” አመለጠኝ። እሱም “ደኅና ነው፣ ይበቃል” ብሎ ነጠላውን አወለቀ።

በማግስቱ ዓርብ ነው። ውይይት ታክሲ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ስንሄድ የጠጉሩን እምቢታ በከንፈሬ እየደጋገምኩ ነበር። እትዬ ግን ስለ ጠጉር አላነሡም። ገና ሳልቀመጥ “ማተብሽን ያዢ” አሉኝ። “በየዓመቱ ለፋሲካ እንደምታመጫት ማይልኝ።”

ማተቤን ያዝኩ። ያዝኩና አፌ አልከፈት አለ። ጠጉርና ጥጥ ሌላ ነገር ነው። ሐጂም ባለቤቴም የመከሩኝ ክርክር ጠፋኝ፤ የታየኝ የመሐላው ክብደት ብቻ ነው።

“አልምልም፣ እትዬ።”

ጣሳው ከእጃቸው ቆመ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ማን ያውቃል?” አልኩ። “በየዓመቱ ቀርቶ በአምስት ዓመት እንኳ ያስገቡኝ እንደሆነ አላውቅም። የማላውቀውን በማተቤ አልምልም። ልጅቷን ቢከለክሉኝም አልምልም።” አንዴ ከተከፈተ ደግሞ አልዘጋ አለኝ። “አምና ዋሽቼዎታለሁ። ቤታችን ባሕር ዳር ነው። መስኮት ስከፍት የሚታየኝ ውኃ ነው።”

ባለቤቴ “ባሕር” የምትለዋን ቃል ያውቃታል፤ ሰምቶ ራሱን ያዘ። እኔም አበቃልኝ ብዬ ጓዜን በልቤ መሸከፍ ጀመርኩ። እትዬ ጣሳውን አስቀመጡ።

“ከደጃፋችሁ እስከ ውኃው ስንት እርምጃ ነው?” አሉ።

“መቶ... መቶ ሃያ ቢሆን ነው።”

“አጥር አለው?”

“የለውም።”

“ይታጠር።”

“መንገዱ የማዘጋጃ ቤት ነው እትዬ፤ አጥር አይፈቀድም።”

ከማዶ ሐጂ የጨርቅ መለኪያቸውን ባንኮኒው ላይ ጧ አድርገው አሳረፉት። “እሰይ! አሁን ገና ሰው ተነጋገረ!”

ነገር ግን የጁምዓ ሰዓት ደርሶ ሐጂ ወደ አንዋር መስጊድ ሄዱ፤ እትዬም “እስኪመለሱ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ፣ ያለ ዳኛ አልነጋገርም” አሉኝ። መንገዱ በሰጋጅ ስለሞላ መውጣትም አይቻልም። ሁለታችንም ጾመኞች፣ ሁለታችንም ዝም። ሕፃኗ ቅርንፉድ እየቆጠረች ባለቤቴ ኪስ ውስጥ ትጨምራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሁለት።

ሐጂ ሲመለሱ ቀጠልን። እንዲያ ያለ ክርክር ዕድሜዬን ሙሉ ተከራክሬ አላውቅም። ባሕሩ፣ አሥር ዓመት እስኪሞላት አትግባ አሉኝ፤ አምስት አልኩ፤ ሐጂ ሰባት ላይ ቆረጡት፣ እጇን ትልቅ ሰው ይዞ። ጠጉሯ ጫፍ ጫፉ ይነካ፣ አይላጭ። ሲኒማ፣ ሐጂ ራሳቸው “እሱን ተዪው እትዬ፣ እኔም አይቻለሁ” ብለው አስጣሉልኝ። ደብዳቤ በየወሩ የተባለው በየሦስት ወሩ ሆነ፤ ፎቶግራፍ ይኑረው፣ እግሯም ይታይ፣ ጫማዋን እንዲያዩት። እኔም በተራዬ ዋጋ ጠራሁ፦ በርበሬው ዐሥር ዓመት እስኪሞላት አልጫ ይሁን። “አልጫ በርበሬ!” ብለው ሳቃቸው አመለጣቸው። እትዬን እዚያ ሱቅ ውስጥ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

የፋሲካው ነገር ለመጨረሻ ቀረ።

“በሁለት ዓመት” አሉ።

“አልችልም።”

“በሦስት።”

“እትዬ...”

“እንግዲያው አንዴ። ሳልሞት አንዴ።”

“እሞክራለሁ። አልምልም፤ ግን እሞክራለሁ።”

“ሳትምይ ያልሽውን እይዛለሁ” አሉና አፉ የታሰረ ጆንያ ፈትተው መልሰው አሰሩት። ሐጂ ጨርቅ የሚያጥፉ መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሰኞ ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው መላጣ፣ ደከም ያለ ሰው ነው፤ ቅጹን ወደ እትዬ ገፋ አድርጎ “እዚህ ላይ ይፈርሙ” አላቸው።

“አንብብልኝ።”

“‘በሕፃኗ ላይ ያለኝን መብት ሁሉ በፈቃዴ ትቻለሁ’ ይላል።”

“ማነው የሚተወው?” እትዬ እጃቸውን ሰበሰቡ። “እኔ ልጄን አልተውኩም። ተነጋግረን ተስማማን። እሱን ጻፍ።”

“እንዲህ የሚል ቦታ የለውም እናት። ቅጹ ከላይ የመጣ ነው።”

“ከላይ ከመጣ ከታች ባዶ ቦታ ይኖረዋል።”

ጸሐፊው እኔን አየኝ፤ አውሮፕላናችን ሐሙስ ነው፣ የመውጫ ፈቃዱም በዚህ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሏል። የድሮዋ እኔ እትዬን “እባክዎ ይፈርሙ” ብላ ትለምን ነበር። “ጓድ፣ የእናንተ እንዳለ ይቀመጥ፣ የእሳቸው ከሥሩ ይጨመር” አልኩ። “ፊርማው ከሁለቱም በታች ይሁን፤ የእናንተም አይጎድል፣ የእሳቸውም አይቀር።”

“ከዳር እስከ ዳር ጠባብ ነው እኮ።”

“ወረቀቱን አዙረው ይጻፉት።”

እትዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ጸሐፊው ተነፈሰና ወረቀቱን አግድም አዞረው። ከኅዳጉ ጋር ተጣብቆ፣ ፊደሉ እየጠበበ፣ “ሁለቱ ወገኖች ተነጋግረው ተስማምተዋል” ብሎ ጻፈ። እትዬ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ተጫኑት። ጸሐፊው ማኅተሙን ሲያነሣ ደግሞ በእጃቸው አገዱት።

“እሱ ላይ አይደለም” አሉት፤ “የኔው ላይ ምታ።”